ጋሽ ሕዝቤና የሌሉት ሰዎች

በየመሥሪያ ቤቱ የሌለ ነገር የሚያስጨንቀው አንድ ሰው አይጠፋም። ላለው ነገርማ ማን ሰነፍ አለ፤ ስለ ደመወዝ፣ ስለ አለቃ፣ ስለማይሠራው ሊፍት ሁሉም ይጨነቃል። ያ ሰው ግን ይህን ሁሉ ለእኛ ለተራዎቹ ትቶ፣ ያልተጠራ እንግዳ ወንበር ይጎድለው ይሆን ብሎ ያስባል። ስብሰባ ላይ ማንም ያላነሳውን ጥያቄ ይመልሳል። ይቅርታ ሲጠይቅም ገና ላላጠፋው ጥፋት ነው። ካላመናችሁ የራሳችሁን ቢሮ ዞር ዞር ብላችሁ እዩ፤ ካጣችሁት ምናልባት ሰውዬው እናንተው ትሆናላችሁ።

በአንድ የሶፍትዌር መሥሪያ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ሥር የሚቀመጡት ክቡር ሰው የዚህ ወገን አለቃ ናቸው። ሥራቸው ሞካሪነት ነው። ፕሮግራመሮቹ የሠሩት ሲስተም ወደ ደንበኛ ከመሄዱ በፊት፣ እሳቸው የሌሉ ሰዎችን ፈጥረው ያስገቡበታል፤ የውሸት ስም፣ የውሸት ዕድሜ፣ የውሸት በሽታ። ሲስተሙ ከወደቀም በእነዚህ ላይ ይውደቅ እንጂ እውነተኛ ሰው ላይ እንዳይወድቅ ነው ነገሩ። ሌሎች ሞካሪዎች ለዚህ ሥራ ብዙም አይደክሙም። ስም ሲባሉ «ሀሀሀ» ብለው ይጽፋሉ። ቀጥሎ «ሙከራ ሁለት» ይመጣል፣ ከዚያ «ሙከራ ሦስት»፣ ከዚያ ሻይ።

እኚህ ሰው ግን «ሙከራ ሁለት» የሚል ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ «የትኛዋ እናት ናት» ይላሉ፣ «ዘጠኝ ወር ተሸክማ ሙከራ ሁለት ብላ ስም የምታወጣ?» እሳቸው የሚፈጥሩት ሰው ሙያ አለው፣ የሚያመው ቦታ አለው፣ ያኮረፈው ወንድም አለው። የካርድ ቁጥራቸው እንዳይመሳሰል ማሽኑ ይጠብቃል፤ ጠባያቸው እንዳይመሳሰል እሳቸው ይጠብቃሉ። ሁሉንም ባንድነት «ሕዝቤ» ይሏቸዋል። ጠዋት ጠዋት «ሕዝቤን ማን ነካብኝ?» እያሉ ስለሚገቡ ቢሮው ጋሽ ሕዝቤ የሚል ስም አወጣላቸው። እሳቸውም ሹመት እንደደረሰው ሰው ዝም ብለው ተቀበሉ።

ያን ጊዜ የሚሠራው ሲስተም የአንድ ክሊኒክ የታካሚዎች ቀጠሮ ነበር። ቀጠሮው አንድ ቀን ሲቀረው ለታካሚው ስልክ ማስታወሻ ይልካል፤ ለተጠሪውም ይልካል። ተጠሪ ማለት ያው ታማሚውን ደግፎ የሚያመጣው የቅርብ ሰው ነው። በሙከራ ጊዜ ግን መልእክት የሚደርሰው የቢሮው ሠራተኞች ስልክ ላይ ብቻ እንዲሆን ተደርጓል፤ ምንም የማያውቅ መንገደኛ «ነገ ሐኪም ቤት ይምጡ» ተብሎ እንዳይደነግጥ። ጋሽ ሕዝቤ ታዲያ ለሕዝባቸው በሙሉ የራሳቸውን ስልክ ሰጡ። ቀኑን ሙሉ ስልካቸው ሲጮህ ይውላል፣ እሳቸውም ለቢሮው ዜና ያሰማሉ። «ልብስ ሰፊው ነገ ደም ግፊቱን ይለካል።» «ሰዓት ጠጋኙ ሽማግሌ የዓይናቸው ቀጠሮ ደረሰ።»

የበሩ ጥበቃ ይህን ሲሰማ ከርሞ አንድ ቀን፣ «ልብስ ሰፊው እንዴት ዋሉ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ዛሬ ይሻላቸዋል» አሉ ጋሽ ሕዝቤ።

በሳምንቱ ጥበቃው እግሩ የረዘመ ሱሪ በፌስታል ይዞ ቀረበ። «ካገገሙ እንግዲህ፣ ይቺን ያሳጥሩልኝ።» ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ እውነቱን ይናገር ነበር። ጋሽ ሕዝቤ ሰውዬውን ከማሳፍረው ብለው ሱሪውን ተቀበሉ፤ ሰፈራቸው ላለ እውነተኛ ሰፊ ሰጥተው አሳጠሩና በማግስቱ መለሱ። ጥበቃው እንዲህ ያለ ስፌት አይቼ አላውቅም እያለ የሌለውን ሰው እስከ ዛሬ ይመርቃል።

ይህን ሁሉ ጥርሷን ነክሳ የምትችለው ፕሮግራመሯ ነበረች። ሥራውን ከላይ ሆና ስትመራ የመጀመሪያዋ ነው። ዓይኗ ውሉ ላይ ነው፤ ማንም ተጨማሪ ነገር ሲጠይቃት መልሷ አንድ ነው፤ «በውሉ ላይ የለም።» የጽሑፉ ቀለም ይለወጥ ሲሏት በውሉ ላይ የለም። ሥራ አስኪያጁ ሲያነጥስ እንኳ በውሉ ላይ የለም ልትለው ምንም አልቀራትም ይባላል።

ክሊኒኩ ይህን ሲስተም የፈለገበትን ምክንያት ዋና ነርሷ ገና በመጀመሪያው ቀን ነግራታለች። በድሮው ሲስተም አንድ ታካሚ ሞተ፤ መሞቱም ተመዘገበ። ማስታወሻው ግን ለሚስቱ መሄዱን አላቆመም። ሴትየዋ አንድ ጠዋት ስልኳን በእጇ ይዛ ክሊኒክ መጣች። መስኮቱ ላይ ቆማ፣ «ይዘሽው ነይ ትሉኛላችሁ» አለች፣ «ከየት ላምጣው?»

«ሌላው ቢጎድል ይጎድላል» አለች ዋና ነርሷ። «ይኼ ነገር ከተደገመ ግን ሲስተማችሁን አልረከብም። ለዚያች ሴትዮ የምመልስላት መልስ አልነበረኝም።»

ፕሮግራመሯም ይህን በልቧ ይዛ ነው የምትሠራው። ሥራው እንዲፋጠን ብላ ሰው በዘፈቀደ የሚያመርት አጭር ፕሮግራም ጻፈች። አንዴ ሲነኩት የከተማ ሕዝብ ይተፋል፤ ስሙ ለብቻ፣ ስልኩ ለብቻ፣ አንዱ ከሌላው የማይደገም። ኮራ ብላ አሳየቻቸው። ጋሽ ሕዝቤ መነጽራቸውን አውርደው ከላይ ጀመሩ።

«ይኼ ልጅ ስምንት ዓመቱ ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ሙያው ሾፌር ነው ይላል።»

«በዘፈቀደ ነው የሚመርጠው።»

«ሚስቱም ሞታበታለች።»

«ጋሼ፣ ሰውዬው እኮ የለም።»

«የለም አልሽኝ? ለነገ ጠዋት ቀጠሮ አስይዘሽለታል እኮ።» ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። «እሺ፣ ቢታመም ማን ያመጣዋል?»

«ተጠሪ አለው። ስልኩ ተሞልቷል።»

«የማን ስልክ ነው?»

«የማንም። ዘፈቀደ ነው አልኩዎት።»

«ታዲያ ቢታመም ዘፈቀደ ነው የሚያመጣው?»

«ቢታመም ማን ያመጣዋል?» የጋሽ ሕዝቤ የዘወትር ጥያቄ ነው። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ስለ ትምህርቱ አይጠይቁም፣ ይህንኑ ይጠይቃሉ። አዲስ ፕሪንተር የገባ ዕለት፣ «ቢበላሽ ማን ያየዋል?» ብለው ሰው ሁሉ ሲስቅ እሳቸው አልሳቁም። ፕሪንተሩ በወሩ ተበላሸ፤ ያየው የለም። እሳቸውን ግን ማን ያመጣቸዋል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ብቻቸውን እንደሚኖሩ ይታወቃል፣ በቃ ይታወቃል። ደረጃ ሲወጡ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይቆሙና በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። ምነው ሲባሉ «መንገዱን ልይ ብዬ ነው» ይላሉ። ከዚያ መስኮት የሚታየው የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ነው። ጉልበታቸው ነው።

ዋና ነርሷ ሲስተሙን ልትረከብ ሐሙስ ትመጣለች ተባለ። ማክሰኞ ዕለት ፕሮግራመሯ የሙከራውን ዝርዝር አየችው። ምዝገባ ተሞክሯል። ቀጠሮ መስጠት፣ ቀጠሮ መሰረዝ፣ ማስታወሻ መላክ፣ ሁሉም ተሞክሯል። የታካሚ ሞት መመዝገብ ከሚለው ፊት ለፊት ምንም የለም። ክሊኒኩ ከሁሉ በላይ የሚፈልገው እሱን ነው።

«ጋሼ፣ ሞት አልተሞከረም።»

«ይደረስበታል» አሉ ጋሽ ሕዝቤ፣ ዓይናቸውን ከሻይ ብርጭቆው ሳያነሱ።

«ሐሙስ እኮ ነው የሚመጡት። አንድ ሰው መርጠው ሞተ ማለት ብቻ ነው።»

«ማንን?»

«እኔ እንጃ። ሰዓት ጠጋኙን። አርጅተው የለ?»

«ገና ዓይናቸው አልተሠራም። ይኼን ሁሉ ጊዜ ተራ ጠብቀው?»

«እሺ ያቺ ሦስት ልጆች ያሏት ሴትዮ።»

«ልጆቹንስ አንቺ ታሳድጊያቸዋለሽ?»

«እሺ፣ ልብስ ሰፊው።»

«ለጥበቃው ምን ብዬ ልንገረው?»

ፕሮግራመሯ ግንባሯን በእጇ ያዘች። ለካ ይህ ሁሉ ወር ሲያስታምሙ ነው የከረሙት፤ ያን ሁሉ ሕዝብ ፈጥረው አንድም ሰው አልሞተባቸውም። በሽታ እንጂ ሞት በአገራቸው አልገባም። ተናዳ ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች፤ አጭሩ ፕሮግራሟ ካመረታቸው የማሽን ሰዎች አንዱን፣ ስሙን እንኳ ሳታነብ፣ ሞተ ብላ መዘገበች። የነገን ማስታወሻ የሚልከውን ትእዛዝ ሰጠች። ቢሮው ውስጥ ያለ ስልክ ሁሉ ጸጥ አለ።

«ይኸው» አለች። «ሞተ፤ መልእክትም አልሄደም። ይሠራል።»

ጋሽ ሕዝቤ ከኋላዋ ቆመው ስክሪኑን አዩ። «ማንም የሌለው ሰው ሞተ ብለሽ ማን ሊሰማሽ?» አሉ። ነገሩን እንደ ሐዘን ነበር የተናገሩት፤ እሷም እንደዚያው ሰማችውና ይባስ ተናደደች።

«እንግዲያው እስከ ነገ ጠዋት ከእርስዎ ሰዎች አንዱ ካልሞተ፣ ባንድ ትእዛዝ ሁሉንም ነው የምጨርሳቸው።»

ጋሽ ሕዝቤ ብርጭቆውን አስቀመጡ። «አታድርጊው» አሉ። «ነገ ጠዋት አንድ ሰው ይሞታል።»

ረቡዕ ጠዋት ጋሽ ሕዝቤ ከረባት አስረው መጡ። ጥበቃው ሰርግ አለ ወይ ብሎ ጠየቃቸው፤ የለም አሉ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆመው ግድግዳውን አዩ። ከዚያ ገብተው ተቀመጡና አዲስ ታካሚ መመዝገብ ጀመሩ። ፕሮግራመሯ ከስክሪኗ ጀርባ ሆና ጆሮዋን ጥላለች። ጣታቸው ሲጽፍ፣ ሲጽፍ ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ረጅም ጊዜ ቆመ። መልሶ ጻፈ።

«የሞት ምክንያት ይጠይቃል» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ምን ልበል?»

«የፈለጉትን ይበሉ ጋሼ።»

«እርጅና ልበል?»

«ስንት ዓመታቸው ነው?»

«የእኔን ያህል።»

«ያማ ገና ነው።»

«እንግዲያው ሥራ እላለሁ።» ጻፉ። ከረባታቸውን አስተካከሉና ቁልፉን ተጫኑ። ቀጥለው የነገን ማስታወሻ የሚልከውን ትእዛዝ ሰጡ፤ ስልካቸውን ጠረጴዛው መሐል አስቀምጠው እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁ። ስልካቸው ዝም አለ።

«ዝም አለ» አሉ። «ሞቻለሁ።»

«ማነው የሞተው?» አለች ፕሮግራመሯ፣ ቀና ብላ።

ይህን ጊዜ የራሷ ስልክ ጮኸ። ጠረጴዛዋ ላይ፣ በወረቀቶቹ መሐል። አንስታ አነበበችው። «ታካሚዎ ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት የጉልበት ቀጠሮ አላቸው። እባክዎ ይዘዋቸው ይምጡ።» ከላዩ የጋሽ ሕዝቤ ስም ነበር፤ ቢሮው ያወጣላቸው ሳይሆን እናታቸው ያወጡላቸው።

መጀመሪያ የገባት የሲስተሙ ነገር ነው፤ ፕሮግራመር ናትና አይፈረድባትም። ሰው ሞተ ሲባል ሲስተሙ የሟቹን ስልክ ዝም ያሰኛል፣ የተጠሪውን ግን አያስታውስም። የረሳው ሲስተሙ አይደለም፣ እሷ ናት። የትናንቱ ጸጥታም የደህና አልነበረም፤ የማሽኑ ሰው ተጠሪ ስልክ የማንም ስላልሆነ እንጂ፣ መልእክቱስ ሄዶ ነበር። ያ ነገር እንዳለ ቢወጣ ኖሮ ስንቷ ሴት ስልኳን ይዛ መስኮቱ ላይ ትቆም እንደነበር አሰበች።

ሁለተኛው ነገር የገባት ትንሽ ቆይቶ ነው።

«ጋሼ» አለች፣ «ተጠሪ ብለው የጻፉት እኔን ነው?»

ጋሽ ሕዝቤ ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጡ ቀሩ። «ባዶ አልቀበልም አለኝ» አሉ። «ግዴታ ይሞላ ብለሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ።»

«እሱማ እኔ ነኝ።»

«ብዙ አሰብኩ። ሌላ ሰው አልመጣልኝም።» መነጽራቸውን አውልቀው በከረባታቸው ጫፍ ጠረጉት። «ለሙከራ ነው ደግሞ።»

ሰው ሲከፋው የሚያለቅስ፣ ሲደሰት የሚስቅ ይመስላችኋል፤ ፕሮግራመር ግን ሁለቱንም ሲሆን የተበላሸውን ኮድ ይከፍታል። ስህተቱን አገኘችው፤ አንድ መስመር ነበር። አስተካክላ መልሰው ሲሞክሩ የሁለቱም ስልክ ዝም አለ። እሷ ግን ሰው ሁሉ ምሳ እስኪሄድ ድረስ ስልኳን እያገላበጠች ታየው ነበር።

ሐሙስ ዋና ነርሷ መጣች። ካባዋን ሳታወልቅ ተቀመጠችና፣ «ሌላውን ተዉት፣ የሞተ ሰው አሳዩኝ» አለች። አሳዩዋት። የተጠሪውን ስልክ በራሷ ስልክ አስለወጠች፣ ቀጠሮውን ለማግስቱ አስደረገች፣ ማስታወሻ ላኩ አለች፣ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ምንም አልመጣም። ጸጥታው እንዲህ ሲያስደስታት ታይታ አትታወቅም።

«ሟቹ ማን ናቸው?» አለች ለመጨረስ ያህል።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ሕዝቤ ከመስኮቱ ሥር።

«ነፍስ ይማር» አለች ዋና ነርሷ፤ ፈርማም ሄደች።

ሁሉም እፎይ ሲል ፕሮግራመሯ ግን እፎይ አላለችም። ዓርብ ጠዋት የጋሽ ሕዝቤን መዝገብ ከፍታ አየችው፤ ግራጫ ሆኗል፣ ከላዩ «ሞተዋል» ይላል። መልሳ በሕይወት አሉ ልትል ፈለገች፤ መንገድ የለም። ሞት ላይ መመለሻ የሚባል ነገር አልሠራችም፣ ማንም አላዘዛትም። ሥራ አስኪያጁ ጋ ገብታ አንድ ቁልፍ ልትጨምር እንደሆነ ነገረችው።

«በውሉ ላይ አለ?» አላት ሰውዬው፤ ይህን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ነበር።

«የለም።»

«ታዲያ?»

«በስህተት ሞተ የተባለ ሰው አይጠፋም» አለችና ወጣች።

ቁልፉን በራሷ ጊዜ ሠራችው። ሲጫኑት እንደ ሞቱ ሁሉ ምክንያት ይጠይቃል፤ እንዲያ አድርጋ የሠራችውም እሷው ናት። ባዶውን ቦታ ትንሽ አየችውና፣ «እንፈልጋቸዋለን» ብላ ጻፈችበት። ቀጥላ የተጠሪውን ስልክ ከዋና ነርሷ ወደ ራሷ መለሰች፣ ቀጠሮውን ወደ ነገ አዛወረች፣ የነገን ማስታወሻ የሚልከውንም ትእዛዝ ሰጠች።

የሁለቱም ስልክ እኩል ጮኸ። ጋሽ ሕዝቤ ያን ጊዜ የማሽኑን ሰዎች ከፍተው ከስምንት ዓመቱ ሾፌር ጋር ተፋጠው ነበር። ስልካቸውን አነሱ፣ አነበቡ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ።

«ማነው ያስነሳኝ?»

«እኔ ነኝ» አለች ፕሮግራመሯ። «ዋና ነርሷን አነጋግሬያታለሁ። ይኼ የመጣልዎት ቀጠሮ የእውነት ነው፤ ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ጉልበትዎን ያዩልዎታል።»

«ጉልበቴን ምን ሆነ ብለሽ?»

«ሁለተኛ ፎቅ ያለውን ግድግዳ እኔም አይቼዋለሁ ጋሼ።»

ጋሽ ሕዝቤ ብርጭቆውን አነሱት፤ ሻይ አልነበረበትም፤ መልሰው አስቀመጡት። «ክሊኒኩ ደረጃ አለው?» አሉ በመጨረሻ።

«አለው። ቀስ ብለን እንወጣለን፣ እኔ ነኝ የማመጣዎት።»

ጋሽ ሕዝቤ ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ፣ መነጽራቸውን አወረዱ፣ ወደ ሾፌሩ ተመለሱ። ዕድሜውን አልነኩም፣ ሙያውንም አልነኩም። በተጠሪው ቦታ ላይ የነበረውን የማንም ያልሆነ ቁጥር አጠፉና የራሳቸውን ስልክ ጻፉለት።